ቁጥር የሌለበት ሒሳብ

ውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ስልክ ላይ «ትምህርቱስ?» ስትዪኝ «ምንም አይልም» እያልኩ የማልፈው፣ አንቺ ሁልጊዜ ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ስለምትሮጪ ነው። ዛሬ ግን ከሥር ከመሠረቱ ላጫውትሽ።

ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ ስገባ የፈራሁት ልጆቹን ነበር። ሁሉም የአንቺ ታናናሾች ናቸው። እነሱ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ቲቸር» ብለው ስም አወጡልኝና መሀላቸው አስቀመጡኝ። ያስቸገረኝ ሒሳቡ ራሱ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ለሕፃናት ማባዛትና ማካፈል ሳስተምር ኖሬ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ስደርስ ቁጥር የሚባል ነገር ከደብተሬ ጠፋ። አባትሽ አንድ ቀን ከአውቶቡስ ወርዶ ቤት እንደገባ፣ ገና ኮቱን ሳያወልቅ መጽሐፌን አነሳና ወደ ፊትም ወደ ኋላም ገለጠው።

«ቁጥር የሌለበት ሒሳብ ደግሞ ምን ጉድ ነው? አታለውሻል!» አለኝ።

ሳቅኩ። ግን አናሊሲስ የሚሉትን፣ እያንዳንዱን ነገር አረጋግጪ የሚለውን ትምህርት፣ ፈተናውን ወድቄ ነበር። ማረጋገጫዎቹን በሙሉ ከነነጠላ ሰረዛቸው ሸምድጄ ነበር የገባሁት፤ ጥያቄው ትንሽ ዘወር ብሎ ሲመጣ ግራ ገባኝ።

በማግስቱ መምህራችን ቢሮ ሄድኩ። ከትንሹ አጎትሽ እንኳ የሚያንስ ልጅ እግር ነው።

«ይቅርብኝ፤ ጭንቅላቴ አርጅቷል» አልኩት።

«ያረጀስ ሽምደዳው ነው» አለኝ፣ ወንበር እየሳበልኝ። «መተው መብትዎ ነው። መጀመሪያ ግን ነገ ሰሌዳ ላይ ይውጡልኝ፤ ደብተር ሳይዙ።»

ጠዋት ሰሌዳው ፊት ወጣሁ። የሰጠኝ ጥያቄ ይህ ነበር፦ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ፣ ሁለቱም ጫፎች ተቆጥረው፣ ሳይቋረጥ የሚሄድ ግራፍ ከፍታው ገደብ አለው፤ ማለቂያ ወደሌለው ሽቅብ ሊመነጠቅ አይችልም። ለምን? ሲያዩት ግልጽ ነው፤ ማረጋገጡ ነው ጣጣው።

ግራፉን ሣልኩ፣ ደመሰስኩ፣ እንደገና ሣልኩ። ከኋላ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው፣ ክርክር ስለምትወድ «ጠበቃ» የምንላት ልጅ አላስቻላትም።

«ቲቸር፣ ውሸት ነው ብለው ይነሱ! ገደብ የለውም ይበሉና ምን እንደሚመጣ ይዩ።»

ውሸት ነው ብዬ ተነሳሁ። ገደብ ከሌለው፣ ከፍ የሚልበትን ነጥብ፣ ከዚያ ደግሞ የባሰ ከፍ የሚልበትን እየመረጥኩ እንደፈለግኩ መሄድ እችላለሁ። እሺ፣ እነዚህ ማለቂያ የሌላቸው ነጥቦች የት ይገባሉ? ድሮ ሕፃናቱን አስተምርበት የነበረው ጠባብ ክፍል ትዝ አለኝ።

«አንድ ክፍል ውስጥ ማለቂያ የሌለው ልጅ ብታጉሩ» አልኩ ዞር ብዬ፣ «የሆነች ቦታ ላይ መጠቅጠቃቸው የግድ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን አልሳቀም።

«ጥሩ። የተጠቀጠቁባት ቦታ ላይ ግራፉ ከፍታ አለው?»

«አለው እንጂ።»

«እዚያ አጠገብስ?»

«ሳይቋረጥ ስለሚሄድ ከዚያ ከፍታ ብዙም አይርቅም። ታዲያ እየባሰባቸው ከፍ ያሉት ነጥቦቼ እዚያው ተጠቅጥቀው ሳለ፣ እንዴት ሆኖ ነው ሽቅብ የሚመነጠቀው?» ራሴ ጠይቄ ራሴ ደነገጥኩ። ገባኝ። ልጄ፣ ገባኝ እኮ!

«እንግዲህ በሥርዓቱ ይጻፉት» አለኝ። እየደመሰስኩ፣ በጠበቃ እየተነዘነዝኩ፣ እንደምንም ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲህ መሸምደድ ትቻለሁ። የመጨረሻውን ፈተና በደህና ውጤት አልፌያለሁ። አንደኛ የወጣችው ጠበቃ ናት፤ እኔ መሀል ነኝ፣ መሀሉም ይመቻል። አንድ ገጽ ላይ ግማሽ ቀን አፍጥጬ ምንም ሳይገባኝ ስነሳ እንኳ ደስ ብሎኝ ነው የምነሳው። ማንም ሳያዘኝ፣ ለማንም ላስተምረው ሳልል፣ ለራሴ ብቻ ብዬ አንድ ነገር ስማር የመጀመሪያዬ ነው።

ለዕረፍት አንቺ ነይልን። እኔ እንዳልመጣ፣ ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ነው የሚያጠኑት፤ አባትሽም እየተነጫነጨ ሻይ ያፈላላቸዋል። አንድ ነገር ልንገርሽና እንዳትቆጪኝ፦ መኝታ ክፍልሽን ወስደንብሻል። ከአልጋሽ በላይ ትልቅ ሰሌዳ ሰቅለናል። ስትመጪ አልጋው ያንቺ ነው። ሰሌዳውን ግን አደራሽን እንዳትደመስሺው፤ ገና አልጨረስነውም።

በናፍቆት የምትጠብቅሽ፣
እናትሽ