የሞሪሷ ዘይትና የበሺር ስም

እኔ እንድርያስ አግማስ፣ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ዓመት፣ ዛሬ ጥቅምት 18 ቀን 1996 ዓ.ም. ደሴ ቧንቧ ውሃ በሚገኘው በገዛ ቤቴ ተቀምጬ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የደከመው ኩላሊቴ እንጂ አእምሮዬ አይደለም፤ የሚጠራጠር ካለ የመኪናዬን የሞሪሷን ቡሎኖች ከነመፍቻ ቁጥራቸው ይጠይቀኝ።

መኖሪያ ቤቴን ለልጄ ለተስፋ ሰጥቻለሁ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ልብሴ ይቆሽሻል እያለ አንድ ቀን እንኳ ከመኪናዬ ሥር አልገባም። ስለዚህ መፍቻዎቼን እንዳይነካ። እነሱ በሙሉ የልጄ የአቢጌል ናቸው፤ ዘይቱ በክንዷ ወርዶ ብብቷ ሲገባ የምትስቀው እርሷ ብቻ ናት።

አቢጌል፣ ልብ በዪ። የዚህች የእንግሊዝ መኪና ዘይት በንጽሕና አይቀየርም፤ ቀየርኩ የሚል ሰው ዋሽቷል። ሞተሩን አሙቂ፣ ጆንያ አንጥፈሽ ተኚ፣ ማፍሰሻውን ስትፈቺ ፊትሽን አዙሪ። ፊልትሮው የተቀመጠበት ቆርቆሮ በአንድ ረጅም ቡሎን ተይዟል፤ ስታወርጂው ዘይቱ እጅጌሽ ላይ ይፈስሳል፤ ይፍሰስ። ከላይ ያለውን የጎማ ቀለበት ግን በመርፌ ፈልቅቀሽ አውጪ። ሲያረጅ ጠቁሮ ከብረቱ ጋር ስለሚመሳሰል የሌለ ይመስላል። አዲሱ በአሮጌው ላይ ከተደረበ ዘይቱ መንገድ ላይ ተሟጦ ያልቃል።

ይህን ያወቅሁት በሰው ስም ኪሳራ ነው። በ1985 ዓ.ም. ኮምቦልቻ በነበረን ጋራዥ ዘይቷን ቀይረን ወደ ደሴ ስወጣ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ሞተሩ ተቃጥሎ ቆመ። ቀለበቱ ተደርቦ ተገኘ። እኔም ባልደረባዬን በሺር ይማምን በደንበኞቻችን ፊት «ዓይንህን የት ጥለኸው ነው!» ብዬ ሰደብኩት። ደንበኛው ሁሉ ሸሸው፤ ሙያውን ትቶ ሽንኩርት ነጋዴ ሆነ።

ያን ቀን ቀለበቱን የደረብኩት እኔ ነኝ። መነጽር ማድረግ አፍሬ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አፌን የያዘው ኩራቴ ነው፤ ውሸታም ሆኜ እንዳልሞት ዛሬ ያናገረኝም እሱው ነው። በሺርን በድዬዋለሁ። በእጄ አድሼ እነሆ እስከ ዛሬ ሐረጎን ያለ ዕረፍት የምትወጣውን ሞሪሴን ለእሱ አውርሻለሁ።

ይህ ሲነበብ፣ ለምስክርነት የተጠራው በሺር እዚሁ ተቀምጦ ነበር። ጸሐፊዋ ጽናት ፀጋዬ፣ «ጋሽ በሺር፣ ምስክር የሆነ ሰው መውረስ አይችልም። መኪናዋን ከወሰዱ ሌላ ምስክር እንጠራለን» አለችው።

«ወላሂ መኪናዋን አልፈልጋትም» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ይህንኑ ቃል ነው። ከሥሩ እፈርማለሁ፤ ልጆቼ ያንብቡት።»

«አንተ ሰው፣ ይህችን የመሰለች መኪና!» አልኩት።

«እንድርያስ፣ ብዕሩን አምጣው» አለኝ።

ስለዚህ ሞሪሷ ለአቢጌል ትሁን። ስለ በሺር የተናገርኩት ግን እንዳለ ይጽና፤ አንድ ፊደል አይሠረዝ። ከዚህ በፊት የሰጠሁት ሌላ ቃል ቢኖር ቀርቷል። ተነብቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አውቄ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ እንድርያስ አግማስ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ፀሐይነሽ አትጠገብ፣ መምህርት (ፊርማ)
እንየው አምባዬ፣ ጡረተኛ (ፊርማ)
ሰዒዳ ሙሄ፣ ልብስ ሰፊ (ፊርማ)
በሺር ይማም፣ መካኒክ (ፊርማ)