ሐሞት ጠጠር ነው ያልንህ

ይድረስ ለወንድሜ ለሀቢቡ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሳሌሃስ ደህና ናት? ዑመይር አፉን ፈታ ወይ? ሱቃችሁ ያለበት ሰፈርስ ጸጥ አለ? እኔ በአላህ ፈቃድ ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትለይ ነው፤ ወደ ጆሃንስበርግ በምትመለሰው በሀጀራ እጅ ልኬዋለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

የዛሬ ሁለት ዓመት እማዬ አዲስ አበባ ሐሞት ጠጠር አስወጣች ያልንህ ውሸት ነው። የማህፀን ካንሰር ነበር። ማህፀኗን አወጡላት፣ መድኃኒቱንም ጨረሰች፣ ዳነች ብለን ነበር። የሴት ገመናዬን ወንዶቹ እንዳይሰሙ፣ ሀቢቡም ወረቀት የለውም፣ ከመጣ መመለሻ የለውም ብላ በቁርኣን አስማለችኝ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ከአረፋ ማግስት ጀምሮ ራሴን፣ ራሴን ማለት ጀመረች። አጎታችን ሰይዶ ክሊኒክ ይዞን ሄደ። ሐኪሙ ከዚህ በፊት ምን አሟት ነበር ብሎ ሲጠይቅ ሰይዶ ቀደም ብሎ ሐሞት ጠጠር ነበር አለው። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጉደኛዋ መሐላዬን ታቅፌ ዝም! ሦስት ወር ሙሉ ታይፎይድ ነው፣ ሳይነስ ነው እየተባለ ኪኒን ስትውጥ ከረመች። ሐኪሙን አልወቅሰውም፤ ያልነገርነውን ከየት ያምጣው? በመጨረሻ ለዙሁር ሶላት ውዱእ ስታደርግ ተንቀጥቅጣ ወደቀች።

አዲስ አበባ ወስደን በኤምአርአይ ሲያዩዋት ካንሰሩ ከማህፀን ተነስቶ ጭንቅላቷ ውስጥ ሦስት ቦታ ገብቷል፤ ይህንንም የነገሩኝ ለእኔ ብቻ ነው። ለጨረር ወረፋ ይዘን ተመለስን። ቀኝ እጇ አይታዘዛትም። በግራዋ የሻርፔን ጫፍ ጨብጣ ትውላለች፤ ደጅ ልውጣ ብል አትለቀኝም። ሰይዶ አሁንም ሐሞቱ አገረሸባት ይላል፣ እኔም እሺ እላለሁ። ብነግርህ መሐላዬ፣ ብደብቅህ እናትህ፤ መግቢያም መውጫም አጣሁ ወንድሜ። ዛሬ መሐላዬን አፈረስኩ፣ አላህ ይማረኝ። ና አልልህም፣ ቅርም አልልህም። ልቤ ግን ና ይላል።

ሰይዶ ሰላም ብሎሃል። ልጄ ኡሚ የዑመይርን ፎቶ ላክልኝ ትልሃለች። ሳሌሃን ሳምልኝ። እማዬ ደግሞ ጁምዓ ስትደውልላት አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ ስትልህ እንዳታምናት። ውሃ ስትፈልግም፣ ሲያማትም፣ ስታለቅስም የምትለው እሱኑ ነው። ሌላው ቃል ሁሉ ጠፍቶባታል።

እህትህ ዛህራ
ቡታጅራ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.