ኮረንቲን በድምፅ ብልጫ ስለመቀነስ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሥዩም፣ በናይሮቢ የስደተኞች መረዳጃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር
ኪሊማኒ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1973 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የዘንድሮው የናይሮቢ ብርድ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ቢሆንም፣ ከጠረጴዛዎ ሥር ማሞቂያ ስላለ ጉንፋን እንዳልደፈረዎት ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ደሴ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ዛሬ የማኅበሩን አምፖል የምቀይረው እኔ፣ ይህን በማኅበሩ በር ላይ መለጠፌ ከድፍረት አይቆጠርብኝ፤ በግል የጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከመሳቢያዎ መውጣት ስላቃታቸው ነው።

አንደኛ፣ ባለፈው ስብሰባ ስለ ሁለቱ ማሞቂያዎች ለሰጡን ትምህርት አመሰግናለሁ። ቤታችን የሚገባው 240 ቮልት ነው፤ በእንግዳ ማረፊያው ያለው ማሞቂያ 12 አምፔር ይስባል፤ የቢሮዎም እንዲሁ። ቮልቱ በአምፔሩ ሲካፈል ሙግደቱ፣ ማለትም ኮረንቲውን የሚገታበት መጠን፣ 20 ኦም ነው፤ ሲባዛ ደግሞ ኃይሉ 2880 ዋት ይሆናል። እስከዚህ ተስማምተን ነበር። ከዚያ እርስዎ ሃያና ሃያ አርባ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ማሞቂያ ቢሮዎ ውስጥ ሲሰካ ሙግደቱ እጥፍ ሆኖ ኮረንቲው ወደ 6 አምፔር ይወርዳል አሉ። እኔ በበኩሌ እያንዳንዱ በየራሱ ሶኬት ሙሉውን 240 ቮልት ስለሚያገኝ ድምሩ 24 አምፔር፣ 5760 ዋት እንደሚሆንና ሁለቱ የሚጋሩት ሽቦ የሚችለው 15 አምፔር ብቻ እንደሆነ አስረዳሁ። ነገሩ ለድምፅ ቀረበና በሰባት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ 6 አምፔር ሆኖ ጸደቀ። ከሊቀ መንበር ሸሽተን የመጣን ሰዎች እጅ ማውጣቱን አለመርሳታችን ያስደንቃል።

ሁለተኛ፣ ውሳኔያችንን ያልሰማው ፊውዝ በማግስቱ ተቃጠለ። እርስዎም ፉንዲ የሚሉትን የሰፈር ጠጋኝ ጠርተው በቦታው ሚስማር አስገቡበት። ሚስማር የቱንም ያህል ኮረንቲ ቢያልፍበት አቤቱታ አያቀርብም።

ሦስተኛውን ስጽፍ ቀልዱ ይጠፋኛል። ያ ሽቦ የሚያልፈው በእንግዳ ማረፊያው ግድግዳ ውስጥ ነው። በሞያሌ በኩል ከገባች ሦስት ሳምንት የሆናት እህተማርያም የሁለት ወር ልጇን ግድግዳው ሥር ስታስተኛ አይቼ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ ግድግዳው እኮ ይሞቃል፤ እግዜር ይስጣቸው» አለችኝ። እጄን አስጠግቼ ስነካው ያሞቀው በውስጡ የጋለው ሽቦ መሆኑን አወቅሁ። ምርቃቷ የእርስዎ ስለሆነ እነሆ አድርሻለሁ።

ይህንን እንደነገርኩዎት ሳይውሉ ሳያድሩ አንዱ ማሞቂያ እንዲነቀል ማዘዝዎ የሚያስመሰግን ነው። የተነቀለው የእሷ ነው። አሁን ግድግዳውም ቀዝቅዟል፣ ሕፃኑም ያስላል፤ እርስዎ ግን ደህና ነዎት፣ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን።

ባሉበት ሙቀቱ እንዳይጎድልዎ እየተመኘሁ፣ በሰባት ድምፅ የተሸነፈው አገልጋይዎ፣
ባንታየሁ ወልደየስ

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት ሚስማሩን አውጥቼ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ መልሻለሁ፤ የእህተማርያምንም ማሞቂያ ሰክቻለሁ። እርስዎም ቢሮ ሲገቡ የራስዎን ያብሩ፤ በውሳኔያችን መሠረት ኮረንቲው 6 ስለሚሆን ፊውዙ አይነካም። ምናልባት ቤቱ ቢጨልም፣ በግቢው የቀረችው አንዲት ፊውዝ ኪሴ ውስጥ ናት፤ የምትገባውም የእርስዎ ማሞቂያ ሲነቀል ነው።