በኮርኒሱ ውስጥ ስለተጠቀለለው ገመድ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኔትወርክ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከሰው ዓይን ለመሰወር ብዙ ለደከሙበት ገመድዎ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ ምድር ቤት ባለው ላቦራቶሪ የደም ውጤት እያነበብኩ በኮምፒውተር ወደ ድንገተኛ ክፍል የምልክ ሠራተኛ ነኝ። የፊታችን ሰኞ ደግሞ «ውጤት ሳትልክ ልኬያለሁ ብላ ዋሽታለች» ተብዬ፣ የዐሥራ አራት ዓመት ሥራዬን ሊያሳጣኝ በሚችል ክስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከወሊድ በኋላ ደም ይፈሳት የነበረችን እናት የደም ዓይነት ላክሁ፤ ኮምፒውተሩም «ተልኳል» አለኝ። ድንገተኛ ክፍል ግን ምንም አልደረሰም። አርባ ደቂቃ ጠብቀው ሐኪሙ በእግራቸው ሮጠው መጥተው ውጤቱን ባይወስዱ ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምንጽፈው። እርስዎ ግን መሣሪያ አይዋሽም፣ የሚዋሸው ሰው ነው፣ ያልደረሰ ነገርም እንዳልተላከ ይቆጠራል ብለው ጻፉ፤ ስለ ሰው ያለዎት እውቀት አስደንቆኛል።

አንደኛ፣ ሁሉም ክፍል በአንድ መስመር እንደሚጠቀም፣ ሁለት ኮምፒውተሮች እኩል ከላኩ መልእክቶቹ እንደሚጋጩ፣ ላኪውም ግጭቱን ሲሰማ ጥቂት ቆይቶ እንደገና እንደሚልክ በሥልጠና አስተምረውናል፤ እናመሰግናለን። ግጭቱን የሚሰማው ገና እየላከ ሳለ ብቻ መሆኑን ግን ዘለሉት። ገመዱ ከልክ በላይ ከረዘመ የግጭቱ ወሬ ዞሮ እስኪመለስ አጭር መልእክት ተልኮ ያልቃል፤ ኮምፒውተሩም በሰላም ደርሷል ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይህን ያስረዱኝ ዕድሜያቸውን በስልክ መስመር ዝርጋታ የጨረሱት አማቼ ናቸው። የደም ዓይነት ደግሞ፣ እንደሚያውቁት፣ ከሁለት ፊደል አይበልጥም።

ሁለተኛ፣ ከእኛ እስከ ድንገተኛ ክፍል ስልሳ እርምጃ ነው። ታዲያ ገመዱ የት የት ዞሮ ነው እንዲህ የረዘመው? ቧንቧ ሠራተኛው ኮርኒሱን በከፈተ ዕለት፣ ሙሉ ጥቅል ገመድ ሳይቆረጥ፣ ሁለቱም ጫፍ እንደተሰካ፣ እዚያ ተቀምጦ በዓይኔ አይቻለሁ። ክፍሉ «ወደፊት ቢሮ ሲቀየር ይጠቅማል» ብሎ ለመቁረጥ ሳስቶ ኖሯል። ቁጠባችሁ ያስመሰግናል፤ የእኔ መልእክት ግን ያን ሁሉ ጥቅል እየዞረ ነው የሚሄደው።

ሦስተኛ፣ እኔ ስለ ገመዱ በጠየቅሁ ማግሥት ኮርኒሱ በአዲስ ብሎን የተጠረቀመው ለምን ይሆን? ገመዶቹ በሚገናኙበት ሳጥን ላይ ያለችው፣ ግጭት ሲኖር ብልጭ የምትለዋ ቀይ መብራት ላይስ የቁስል ፕላስተር የለጠፈው ማነው? ታማ ነው እንዳልል፣ ሐኪም ሲያያት አላየሁም።

ደግሞ ልንገርዎ፣ ተናድጃለሁ። ያቺ እናት ብትሞት ኖሮ ሞቷ በእኔ ስም ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት ገመዱ ሌሎች ሰዎች ባሉበት እንዲለካ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ለመጠገን ሳይሆን ለመሸፈን ላሳዩት ትጋት ካለኝ የማያልቅ አክብሮት ጋር፣
ውሸታም የተባለችው የላቦራቶሪ ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሰኞውን መጥሪያ በዚሁ መስመር ልከውልኝ ኖሯል። አልደረሰኝም፤ የሰማሁት ከበሩ ጥበቃ ነው። ያልደረሰ ነገር እንዳልተላከ ይቆጠራል ብለው የፈረዱት እርስዎ ነዎትና፣ ሰኞ ኮሚቴው ፊት «ሳይልክ ልኬያለሁ ብሏል» ተብለን የምንቀርበው ማናችን እንደሆንን ቢያሳውቁኝ።