ስሜ ያለበት ፎርም

ሰኞ፣ ማርች 3፣ 1997

ፎርሙ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አንድ ገጽ። አለቃዬ፣ የምክር ቤት አባሉ፣ የት ሄዱ፣ ስንት ቀን ቆዩ፣ ማን ከፈለ፣ ከቢሯቸው ማን አብሯቸው ሄደ። ዋና ከተማው ኦታዋ ያለው መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ የፈለገ ሁሉ ገልጦ ያየዋል።

የት፦ አዲስ አበባ። ማን ከፈለ፦ የውሃ ፓምፕ ሻጩ ኩባንያ። ማን አብሮ ሄደ፦ እኔ፣ በአስተርጓሚነት።

እህቴ ጥሩነሽ ግን ኦታዋ ለሥልጠና የሄድኩ ነው የሚመስላት። ለአራስ ልጇ ከአባባ አፍ ስም ይዤ መጥቼ ላስደንቃት ብዬ ነበር የደበቅኳት።

አዲስ አበባ ስደርስ አባባ ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ወንድሜ በር ላይ ነገረኝ፣ አለቃዬ መኪና ውስጥ እየጠበቁኝ። «እሷ አራስ ናት። ሕፃኗ ክርስትና እስክትነሳ እንዳትነግሪያት» አለኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ሆቴል ምሳ ላይ ስለ ፓምፕ አስተረጎምኩ። በማግስቱ መቃብራቸው ጋ ሄድኩ። አላለቀስኩም። እስካሁንም።

ዛሬ ጾም ገባ። ምስር ገዛሁ።

ማክሰኞ

የቢሮው ኃላፊ ሊንዳ መጣች። «ያንቺን ስም ብንተወውስ? አስተርጓሚ እዚያው አገኙ እንላለን። ኩባንያው ለአንድ ሰው ብቻ ከፈለ ቢባል ይሻላል።»

እንዳልሽ አልኳት። ቀለል አለኝ። ስሜ ከሌለ ጥሩነሽ አትሰማም።

ስሜን ትቼ ታይፕ አደረግኩት። እንግሊዝኛ የተማርኩት ቢሮ ሳጸዳ ከቅርጫት በለቀምኳቸው ጋዜጦች ነው፤ ታይፕ፣ ሊጥሉት ባወጡት ማሽን። ለዚህ ነበር? እንጃ።

ረቡዕ

የሰፈሩ ጋዜጣ ሰው ቢሮ ደወለ። ስለ ጉዞው ይጽፋል፤ ማክሰኞ ይወጣል። «ብቻቸውን ነው የሄዱት?» አለኝ። መልሼ እደውላለሁ አልኩት።

ከሥራ በኋላ ሴንት ጄምስ ታውን፣ ጥሩነሽ ጋ። ሊፍቱ ተበላሽቷል። አሥራ አንድ ፎቅ በእግር።

«አፍሽን ኦታዋ ጥለሽው መጣሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ፦ «አባባን ስልክ ላይ አጣኋቸው። ጸበል ሄደዋል ይሉኛል። ስንት ሳምንት? እንደ ዓሣ ሊኖሩበት ነው?»

ሕፃኗን ታቀፍኩ። ስም የላትም። አባባ እስኪያወጡላት ሚጢ ይሏታል።

ለእህቴ አንድ ውሸት፣ ለመንግሥት ሌላ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሊጠብቅ። ሦስተኛው ነገ ለጋዜጠኛው ነው።

ሐሙስ

ፎርሙን ደግሜ ታይፕ አደረግኩት። ከነስሜ።

ሊንዳ አነበበችው። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ሄጃለሁ» አልኳት።

አለቃዬ ዘንድ ይዛው ገባች። በሩ ተዘጋ። ቆይታ ስትወጣ ተፈርሞበታል። እሳቸው ሲያልፉ ሰላም አላሉኝም። በፋክስ ላክሁት። ጋዜጠኛውን ደውዬ «ሁለት ነበርን» አልኩት።

የጥሩነሽ ባል ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። ጋዜጣው የሚቆለለው እሱ በር ሥር ነው። እስከ ማክሰኞ አራት ቀን አለኝ።

ዓርብ

ኢስት ዮርክ፣ ጋሽ ታምሩ ቤት። የእድራችን ሽማግሌ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አራስ ላይ መርዶ! ምን ጉድ ነው የምታመጪብኝ?» አሉ። ከዚያ፦ «ከወረቀት ከምትረዳ ከሰው ትረዳ። ነገ ማለዳ። ለባሏ እኔ እነግረዋለሁ።»

ቅዳሜ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። አምስት ሆነን። ሊፍቱ ዛሬም የለም። ጋሽ ታምሩ በየፎቁ እያረፉ «እዚህ አገር መርዶ ነጋሪው ቀድሞ ይሞታል» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ጥሩነሽ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ስታይ አወቀች። «አባባን!» ብላ መሬት ተቀመጠች። ሚጢን ባሏ ወሰዳት። እኔ ቆሜ አያለሁ፣ የሌላ ሰው ለቅሶ እንደመጣሁ።

ሲበርድላት ወደ እኔ ዞረች። «ኦታዋ አልነበርሽም።»

«አልነበርኩም። ስደርስ ተቀብረዋል።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «አንቺንስ ማን አረዳሽ?»

«ወንድማችን። በር ላይ።»

«ማን አብሮሽ ነበር?»

«ማንም። መኪና ይጠብቀኝ ነበር።»

ጋሽ ታምሩ ብድግ አሉ። ሌሎቹንም አስነሱ። ሁሉም ከቤት ወጡ፣ በሩን ዘጉት። ከዚያ አንኳኩ። ገብተው ፊቴ ቆሙ።

«ልጄ፣ ተቀመጪ። አባትሽ አርፈዋል።»

የማውቀው ነገር ነው። ግን እንደ እሷ መሬት ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ጥሩነሽ ያዘችኝ።

እሑድ

ዓይኔ አብጧል፤ ቅዳሴ የቆምኩት በአንድ ዓይን ነው። ጥሩነሽ አሁን ደወለች። «መቃብራቸው ምን ይመስላል?» አለች። አፈሩ ገና እንዳልጠነከረ፣ አጠገቡ ግራር እንዳለ ነገርኳት። «ሌላስ?» አለች። ሌላም ነገርኳት።

ነገ ሥራ ይኖረኛል አይኖረኝም፣ አላውቅም። ጋዜጣው ማክሰኞ ይወጣል። ይውጣ።