ከጎታው ኋላ የነበረው ዱባ

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 8 ሰዓት

አጥሚቱ ተመለሰ። ሦስት ማንኪያ ቀምሳ በቃኝ አለች። ትናንት አራት ነበር። ጡረታ የወጣሁት ማንኪያ ልቆጥር ነው መሰለኝ፣ ደብተሬ።

ባለቤቴ ታንጉት ኦፕራሲዮን ከሆነች ወር ሊሞላት ነው። ቁስሉ ድኗል፣ አሁን የሚያነሳት ምግብ ነው ይላል ሐኪሙ። እሷ ደግሞ የቀመስኩት ሁሉ አመድ አመድ ይለኛል ትላለች። የነፍስ አባቷ ጾሙን እንድትፈታ ፈቅደውላታል። እምቢ። ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ብቻ።

ዛሬ ደግሞ ጓሮውን ዘንድሮ ለጎረቤት ስጡት፣ እኔ እንደሁ ለአዝመራው አልደርስም አለችኝ። ፈርቻለሁ።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ልጃችን ማስተዋል ከባ/ዳር ቪዲዮ ላከችልኝ። ነርስ ናት፤ ፈቃድ ስላልሰጧት በቴሌግራም ታስታምማለች። የሜክሲኮ አሮጊት ዱባ ሲሠሩ ያሳያል። ቋንቋቸውን አልሰማም። እጃቸውን አያለሁ።

ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ሜክሲኮን በካርታ ላይ ስጠቁም ኖሬያለሁ። ሰዎቹ ምን እንደሚበሉ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ማሳቸው እኮ የቡሬ ማሳ ነው! በቆሎው ቆሟል፣ አደንጓሬው በላዩ ተጠምጥሟል፣ ዱባው ከሥር ይሳባል። ታንጉት ያደገችበት ማሳ ቁርጥ እሱን ነው።

ከገበያ ግማሽ ዱባ ገዛሁ። ጎረቤት እንዳያየኝ የማድቤቱን በር ዘጋሁ። ከነልጣጩ ቆራርጬ በቀረፋ ቀቀልኩት። የእነሱ ቡናማ ስኳር እዚህ ስለሌለ ማር ጨመርኩበት። ታንጉት አሽትታ፣ ይሄ ሻይ ነው ወጥ? አለች። አንድ ቁራጭ በላች። ትንሽ ፈገግ ያለችም መሰለኝ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ። 10 ሰዓት

ዛሬ ጉድ ሆኛለሁ።

ሁለተኛ ቪዲዮ መጣ። አሮጊቷ የዱባውን ፍሬ ቆሉ፣ ፈጩ፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር አዋህደው ወፍራም ወጥ አደረጉት። ከዚያ የተቀቀለውን ዱባ ጨመሩበት። ልክ እንደ ሱፍ ማለት ነው። ፍሬው ዘይት አለው፤ ጾም አይሽርም፣ ለሰውነት ይሆናል። ለታንጉት የተፈጠረ ምግብ ነው ብዬ ዘለልኩ።

ገበያ ወጣሁ፣ ዱባ የለም። ጓዳ ገባሁ። ከተጋባን ጀምሮ ጓዳው የሷ ነው፤ ምን የት እንዳለ አላውቅም። ከጎታው ኋላ አንድ ዱባ አገኘሁ። አመድማ፣ ከባድ፣ ልጣጩ እንደ እንጨት የጠነከረ። ፍሬው የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል። አንድ ሳላስቀር ቆላሁት። በሙቀጫ ወቀጥኩት፤ ጣቴንም አብሬ።

በላች፣ ደብተሬ! ሙሉ እንጀራ! ወዙ ከንፈሯ ላይ ቀረ። ይጣፍጣል አለች። ዱባውን ከየት አገኙት ብላ ጠየቀች። እኔም ኮራ ብዬ ከጎታው ኋላ አልኩ።

እጇ መሶቡ ላይ ቆመ። "አንቱ ሰው፣ ዘሬን ቆሉት?"

ስትቆጣኝም በአንቱታ ነው። ግድግዳ ሳትይዝ ተነሳች። ከታመመች ወዲህ ያላደረገችውን ነው። ጓዳ ገብታ ባዶውን ቦታ አየች፣ እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች። ዘሩን እናቷ ናቸው ለሠርጓ የሰጧት። በየዓመቱ ምርጡን ለዘር እያስቀረች እዚህ አድርሳዋለች። እኔ በአንድ ምሳ ጨረስኩት።

አጠገቧ ተቀምጬ እኔም አለቀስኩ። ይህን ካንተ በቀር ማንም አይስማ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ከቤ/ክ መልስ የጥራጊ ጉድጓዱን ፈተሽኩ። ከልጣጩ ጋር የተጣለ ፍሬ ቢኖር ብዬ። ዶሮዎቹ ቀድመውኛል።

አታናግረኝም። ምሳ ግን በላች፣ እያኮረፈች። ከዚያ አልጋው ላይ ተደግፋ ተቀመጠች፤ ወደ ግድግዳ አልዞረችም። ጓሮውን ስጡት ያለችኝ ሴት ለዘሩ ለምን አለቀሰች? ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ተናገረች። እህቷ እናኑ ከቡሬ ወረድ ብሎ ገጠር ናት። ካቻምና ከኛ ዘር ወስዳለች። ልደውልላት ብል፣ አይሆንም። እሺ ብቻዬን ሄጄ ላምጣ ብል፣ ጭራሽ አይሆንም። እናኑ ያገኘችውን ዱባ ሁሉ አንድ ላይ ስለምትተክል ተዳቅሎ ይሆናል። የናቷን ዱባ በዓይኗ አይታ፣ ልጣጩን በጥፍሯ ሞክራ ነው የምትለየው። እርስዎማ ከኳስም አይለዩት አለችኝ። ልክ ናት።

እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ ዳገት አለ፣ በእግር። ትችይዋለሽ ወይ አልኳት። እግሯን ተመለከተች። ከሲታ እግር። ምሳ አምጡልኝ አለች።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ። ከቀኑ 11 ሰዓት

እስከ አጥር በሩ ሁለት ጊዜ ደርሳ ተመለሰች። ክንዴን ያዘች፣ መልሳ ለቀቀችው። ሐኪሙን ጠየቅሁ፤ ቀስ ብላ ከሆነ ትሂድ አለ። ማስተዋልም በስልክ እየሳቀች አለቀሰች።

ጓሮ ወንበር አውጥቼላት ተቀምጣ አዘዘችኝ። አራት ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ፍግ አድርጉበት፣ እዚያ ሳይሆን ፀሐይ ካለበት። ቆፈርኩ። የሜክሲኮዋ ሴትዮ ወጥ መልካም ነው፣ ጨው ግን አብዝተዋል አለች። ቀጥላም አካፈለችኝ፤ መስከረም ላይ ከሚደርሰው ዱባ ግማሹ ፍሬ ለወጥዎ፣ ግማሹ ለዘሬ።

መስከረም አለች። በራሷ አፍ። ደግመሽ በይው ልላት ፈልጌ፣ ሐሳቧን እንዳትለውጥ ፈራሁና እሺ ብቻ አልኩ።

ቅዳሜ ቡሬ እንሄዳለን።