«ክንድህ ሲድን ተመልሰህ ና» ላሉት የደም መርማሪ

ቀነዓ፣ አንተ ሳታርምልኝ ደብዳቤ ጽፌ ስለማላውቅ ዛሬም እባክህ አጠገቤ ቁጭ በልና ተመልከተው። ለባለሥልጣን የሚጻፍ ደብዳቤ ቁጣ ከገባበት አይነበብም ብለኸኝ ነበር። በትሕትና እጽፋለሁ፤ ካመለጠኝ በጠረጴዛው ሥር በእግርህ ነካ አድርገኝ።

ለተከበሩ ጓድ ዳቢሴ፣ የጎባ ጤና ጣቢያ የደም ምርመራ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቆዳዎስ? በዚህ የባሌ ብርድ ከአንገትዎ እስከ ቁርጭምጭሚትዎ እንደለሰለሰ እንዲከርም፣ በስብሰባ መካከልም አንዲት ጣትዎ ሳትታዘዝ ወደ ብብትዎ እንዳትሄድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሮቤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጉሉማ ለሜሳ ነኝ። ይህን በትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ቢሮዎ የገባ ወረቀት ቶሎ ስለማይወጣ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ወይም እንደማያስታውሱት፣ ታላቅ ወንድሜ ቀነዓ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ችፌ ነበረበት። ሲያሳክከው ጀርባውን ከከማለዲን ሱቅ በረንዳ ምሰሶ ጋር ስለሚፈትግ፣ ባለሱቁ «ከምሰሶው ጋር ሠርጋችሁ መቼ ነው?» እያለ ይቀልድበት ነበር። በእንቅልፍ ልቡ እንዳያክ እጆቹን በካልሲ የማስረው እኔ ነበርኩ፤ ጠዋት የምፈታውም እኔ። አዲስ አበባ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ የቀረው የእርስዎ መላኪያ ወረቀት ብቻ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. የበሽታውን ክብደት በዓይን አይተው ከመፍረድ ስለተቆጠቡ አመሰግናለሁ። ፊቱ ተልጦ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ቢቀርብልዎ፣ ቆዳ ሊያጋንን እንደሚችል፣ ደም ግን በሳይንስ እንደሚናገር አስረዱን። የባዮሎጂ መምህራችን እንዳብራሩልኝ፣ እንዲህ ያለ ማሳከክ ሲጠና በደም ውስጥ የሚበዛ አንድ ዓይነት ነጭ ሴል አለ። እርስዎም እሱን ሁለት ጊዜ ቆጥረው፣ ቁጥሩ ካልወረደ ብቻ ወረቀቱን እንደሚጽፉ ነገሩን። በጥር ከመቶ ዘጠኝ ተገኘ። ወሩ ግን የገብስ ውቂያ ስለነበር፣ በእብቁ የተነሣ አገሩ ሁሉ ስለሚያክ ይኸኛው አይያዝም ተባለ። ወንድሜ በዕድሜ ዘመኑ ከሰው እኩል የሆነው ያን ወር ብቻ ነው።

፪ኛ. በመጋቢት ከመቶ አሥራ አራት ሆነ፤ እሱ ተያዘልን። በሚያዝያ ለሁለተኛው ስንመጣ ግን ሁለቱም ክንዶቹ ቆስለው መርፌ የሚገባበት ደህና ቦታ ጠፋ። እርስዎም ከመዝገብዎ ቀና ሳይሉ «ክንድህ ሲድን ተመልሰህ ና» አሉት። የበሽታ ክብደት የሚለካው ከዳኑ በኋላ መሆኑን ያን ቀን ተማርን። እስከ ሮቤ በእግራችን ስንመለስ ቀነዓ መንገዱን ሙሉ ሳቀ፤ ሳቁ ከንፈሩን እየሰነጠቀው እንኳ አላቆመም።

፫ኛ. በሳምንቱ ደም ተሰጠ። ማይክሮስኮፕዎ ብርሃኑን በመስታወት ከፀሐይ የሚቀበል ስለሆነ፣ የበልጉ ጉም እስኪገለጥ እንድንታገሥ ታዘዝን። ጉሙ ሃያ ሁለት ቀን ቆየ። በዚህ መካከል የጎኑ ቁስል መገለ፣ ትኩሳትም ያዘው። እናታችን እታለማሁ ቁጥሩ ባይደርስም ወረቀቱን እንዲጽፉላት ሁለት ቀን ደጅዎ ቆማ ለመነችዎት። እርስዎ ሰማዩን በጣትዎ አሳዩዋት። ደንብ ስላልጣሱ እናመሰግናለን። ቀነዓን ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን ቀበርነው፤ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር። ያን ዕለት ፀሐይ ወጣች።

ሰማይዎ የጠራ፣ መዝገብዎ የሞላ፣ መርፌዎም ጤነኛ ክንድ ብቻ የሚገጥመው እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ቀና አድርገው ለማያውቁት ፊትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እገልጻለሁ።

ጉሉማ ለሜሳ
ሮቤ፣ ግንቦት 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ ሚያዝያ ሃያ ቀን የወሰዱት ደም የእኔ ነው። ተራችን እንዳያልፍ፣ የቀነዓ ስም ሲጠራ እኔ ገብቼ ክንዴን ዘረጋሁ። አንዲት ጭረት የሌለበት ክንድ ነው፤ ያዩኛል ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ እርስዎ ግን ቀና አላሉም። አንድ እናት የወለደችን፣ በአንድ አልጋ የምንተኛ ስለሆንን፣ ደማችንም አንድ ቁጥር ይሰጣል ብለን ነበር የተማከርነው። መምህሬን ያልጠየቅኳቸው ይህን ብቻ ነው።

ከቀብሩ ማግስት፣ ብቻዬን በነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ እጄ ካልሲውን ሊፈታ ወደ ጎኔ ሄደ። ያገኘው ብርድ ልብስ ነው። ተነሥቼ በጎባ መንገድ ወደ እናንተ መጣሁና ተራ ያዝኩ። «ቀነዓ ለሜሳ» ብለው ሲጠሩ «አቤት» አልኩ። «ከመቶ ሁለት» አሉ፣ ወረቀቱን በመስኮቱ እያቀበሉኝ። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ድነሃል። መላኪያ አያስፈልግህም።» እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኩ። ቤት ስደርስ ካልሲዎቹን አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው።